በጋራ በሚጻፍ መዝገበ ዕውቀት ላይ የሚደርስ ጥፋትና መከላከያው

1. መግቢያ

መዝገበ ዕውቀት ልዩ ልዩ የዕውቀት ዘርፎችን በአጭር በአጭሩ አዘጋጅቶ የሚያቀርብ የማመሳከሪያ መጽሐፍ ነው። በቀድሞው አሠራር እያንዳንዱን ርእስ ባለሙያ ይጽፈዋል፤ አርታኢ ይመረምረዋል፤ ከታተመም በኋላ እስከሚቀጥለው እትም ድረስ ማንም አይነካውም። ጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ቋንቋ የተጀመረው ውክፔዲያ ይህን ሥርዓት ለውጦታል። በኢንተርኔት አማካይነት ማንኛውም አንባቢ አብዛኞቹን ገጾች ማረም፣ መጨመርና መቀነስ ይችላል፤ ያረመውም ጽሑፍ ወዲያውኑ ለሌላው አንባቢ ይታያል።

የአማርኛው ውክፔዲያ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ርእሶች አሉት። በመቱ፣ በጎሬ ወይም በኡካ የሚገኝ ተማሪ ስለ አካባቢው እንዲጽፍ ሲታዘዝ በእጅ ስልኩ በቅድሚያ የሚያገኘው ይህንኑ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ለጸሐፊ የተከፈተ በር ለአጥፊም የተከፈተ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእንዲህ ያለው መዝገብ ላይ የሚደርሰው ጥፋት ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚታረምና የመምህሩ ድርሻ ምን እንደሆነ ማብራራት ነው።

2. የጥፋት ትርጉምና ዓይነቶች

ጥፋት የሚባለው መዝገቡን ለማበላሸት ሆን ተብሎ የሚደረግ ለውጥ ነው። ይህም በሁለት ይከፈላል።

ሀ) ግልጽ ጥፋት፦ ገጹን በሙሉ መሰረዝ፣ ስድብ መጻፍ፣ ትርጉም የሌላቸው ፊደላትን መደርደር፣ በታሪካዊ ሰው ስም ምትክ የጓደኛን ስም ማስገባት ይህን ይመስላል። ማንም አንባቢ በቀላሉ ይለየዋል።

ለ) ስውር ጥፋት፦ አንድን ቁጥር፣ ስም ወይም ቀን ብቻ መለወጥ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ የያዮ የቡና ደን በዩኔስኮ የተመዘገበበት 2002 ዓ.ም. ወደ 1992 ዓ.ም. ቢለወጥ ዓረፍተ ነገሩ እንደ ቀድሞው ቀና ሆኖ ይነበባል፤ ስሕተቱን የሚያውቀው ነገሩን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ሆኖም ስሕተት ሁሉ ጥፋት አይደለም። በአገራችን ይህን ልዩነት በሚገባ መለየት የሚያስፈልገው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ጎሬ እስክትያዝ ድረስ የጊዜያዊው የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ነበረች። ይህንኑ በእንግሊዝኛ ያነበበ ተማሪ 1936 የሚል ዓመት ስለሚያገኝ፣ በአማርኛው ገጽ ላይ የተጻፈውን 1928 ስሕተት መስሎት ሊለውጠው ይችላል። ቁጥሩን ቢያበላሽም ሐሳቡ ግን ማረም ነበር። ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው፤ «ሀ»ን በ«ሐ»፣ «ሰ»ን በ«ሠ» መለወጥ የአጻጻፍ ልማድ ልዩነት እንጂ ጥፋት አይደለም። ሦስተኛው የቦታ ስም ነው። ኢሉባቦር በአንዱ ጽሑፍ «ኢሉ አባ ቦር»፣ በሌላው «ኢሉ አባ ቦራ» ተብሎ ይገኛል። እንዲህ ያለው ልዩነት ከገጹ ጋር በተያያዘው የውይይት ገጽ ላይ በመነጋገር ሊወሰን ይገባዋል። በቅን ልቦና ያረመን ሰው እንደ አጥፊ መቍጠር መዝገቡን አንድ ሠራተኛ ያሳጣዋል።

3. ስውር ጥፋት የሚያስከትለው ጉዳት

እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ያልታወቀ ጸሐፊ፣ ጆን ሲገንታለር የተባሉት አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በፕሬዚዳንት ኬኔዲና በወንድማቸው ግድያ ተጠርጥረው እንደነበር የሚገልጽ ሐሰት በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ጻፈ። ሐሰቱ ሳይታረም ከአራት ወር በላይ ቆየ። በኋላ እንደታወቀው ጸሐፊው ይህን ያደረገው በቀልድ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ያልተመዘገቡ ሰዎች አዲስ ርእስ እንዳይከፍቱ ተከለከለ።

ከዚህ የባሰው ሐሰቱ ከመዝገቡ ወጥቶ ተመልሶ ሲገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ተማሪ ኮዋቲ ለተባለው የደቡብ አሜሪካ እንስሳ «የብራዚል አዋልዲጌሳ» የሚል ስም ፈጥሮ ጨመረ። ጋዜጦችና መጻሕፍት ስሙን ከመዝገቡ ቀዱት፤ ቈየት ብሎም እነዚሁ ጽሑፎች ለስሙ ትክክለኛነት ማስረጃ ሆነው በመዝገቡ ተጠቀሱ። በአንድ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ይሆናል። የተበላሸ ዓመት ወደ መምህሩ ማስታወሻ፣ ከማስታወሻው ወደ ተማሪው ደብተር፣ ከደብተሩም ወደ ፈተና ከገባ በኋላ ገጹ ቢታረም እንኳ ስሕተቱ አይመለስም።

እነዚህ ሁለቱ የደረሱት ብዙ ተመልካች ባለው መዝገብ ላይ መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ርእሶችና በየሰዓቱ የሚከታተሉት ብዙ ፈቃደኞች አሉት፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮም ግልጽ ጥፋትን ራሱ ለይቶ የሚመልስ «ክሉቦት ኤንጂ» የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ያገለግለዋል። የአማርኛው ግን ጠባቂዎቹ ጥቂቶች ናቸው። ከውጭ የሚረዱት ፈቃደኞች አማርኛ የማያነቡ ከሆነ የተሰረዘ ገጽ ወይም በላቲን ፊደል የተጻፈ ስድብ ይታያቸው ይሆናል፤ ስለ ጎሬ የተለወጠ ዓመት ግን አይታያቸውም። ስለዚህ የኢሉባቦርን ገጾች ከስውር ጥፋት ሊጠብቅ የሚችለው አካባቢውን የሚያውቅ አንባቢ ነው።

4. ጥፋት የሚታረምበት መንገድ

ውክፔዲያ የእያንዳንዱን ገጽ የቀድሞ ቅጂዎች በሙሉ ያስቀምጣል። አጥፊው ለማጥፋት የሚፈጅበትን ያህል ጊዜ እንኳ ሳይወስድ ጥፋቱን መመለስ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ቅደም ተከተሉም እንደሚከተለው ነው።

ሀ) የገጹን ታሪክ መክፈት፤ በዚያም የለውጦች ዝርዝር ከነጊዜያቸው ይገኛል።

ለ) ሁለት ቅጂዎችን ጎን ለጎን አነጻጽሮ የተለወጠውን መለየት።

ሐ) ወደ መጨረሻው ደኅና ቅጂ መመለስ። አጥፊው ተከታታይ ለውጦች አድርጎ ከሆነ የመጨረሻውን ብቻ መመለስ የቀደሙትን ጥፋቶች ትክክለኛ አስመስሎ ያስቀራል፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው።

መ) የተመለሰበትን ምክንያት በአጭሩ መጻፍ፤ ለተለወጠ ቁጥርም የታተመ ምንጭ መጥቀስ።

ሠ) ለአጥፊው በውይይት ገጹ ላይ በጨዋ ቋንቋ ማስጠንቀቂያ መስጠት። አብዛኛው አጥፊ የሚፈልገው መታየትን ስለሆነ ክርክርና ስድብ ያበረታታዋል።

ረ) ጥፋቱ ካልቆመ ለመጋቢዎች ማስታወቅ። መጋቢዎች አጥፊውን ለተወሰነ ጊዜ ያግዳሉ፤ ወይም ገጹን ያልተመዘገበ ሰው እንዳያርመው ይቈልፋሉ። በቋንቋው የሚሠራ መጋቢ ካልተገኘ በሁሉም ቋንቋዎች ላይ ሥልጣን ያላቸው «ስቱዋርድ» የሚባሉ ተመራጮች ይረዳሉ።

እገዳ በጥንቃቄ የሚወሰድ እርምጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ላይ የተጣለ እገዳ የካታርን ተጠቃሚዎች ለጥቂት ጊዜ ሳይመዘገቡ ከማረም አግዷቸው ነበር፤ አገሪቱ በዚያው አንድ አድራሻ ትጠቀም ነበርና። በአንድ መስመር የሚጠቀም ትምህርት ቤትም በአንድ ተማሪ ቀልድ ምክንያት በሙሉ ሊታገድ ይችላል።

5. የመምህሩ ድርሻ

ተማሪዎች በዚህ መዝገብ እንዳይጠቀሙ መከልከል አያዋጣም፤ ተደብቀው ይጠቀሙበታልና። ከዚህ ይልቅ የሚከተሉት ቢሞከሩ ጠቃሚ ይሆናል።

አንደኛ፣ የቤት ሥራ ሲሰጥ ተማሪው የገጹን ታሪክ ተመልክቶ ቁጥሩ መቼ እንደገባና ምን ምንጭ እንደተጠቀሰለት እንዲጽፍ ማድረግ ይገባል። ሁለተኛ፣ የኢሉባቦር ተማሪ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ስለሚማር በሦስቱም ቋንቋዎች ውክፔዲያ አለው። አንዱን ርእስ በሦስቱ ማነጻጸር፣ ዘመኑንም ከአንዱ አቈጣጠር ወደ ሌላው መመለስ የታሪክ፣ የቋንቋና የሒሳብ ልምምድ ይሆናል። ሦስተኛ፣ መጻፍ የሚፈልጉ ተማሪዎች በመለማመጃው ገጽ ላይ ይጀምሩ። አራተኛ፣ በየትምህርት ቤቱ ጥቂት መምህራንና ተማሪዎች የመቱን፣ የጎሬን፣ የያዮንና የሶር ፏፏቴን ገጾች ተከፋፍለው በየሳምንቱ ቢመለከቱ ለስውር ጥፋት ዘበኛ ይሆኑታል።

6. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው ግልጽ ጥፋት በቀላሉ ይታያል፤ በቀላሉም ይመለሳል። አሳሳቢው ጥቂት ሰው በሚያነበው ገጽ ላይ የሚገባው ትንሽ ሐሰት ነው። ይህን ሐሰት አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ማዶ የተቀመጠ ጠባቂ አይለየውም። በመሆኑም የገጽን ታሪክ ማንበብና ምንጭን መመርመር፣ ካርታና ሠንጠረዥ ማንበብ እንደሚሰጠው ሁሉ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች በትምህርትነት ቢሰጥ ተገቢ ይሆናል።