ለክረምት ሥራ ከደመወዙ በፊት ሰዓቱን ጠይቁ

ክረምት ሲገባ የባሕር ዳር ልጆች ሥራ ፍለጋ ወደ ጣና ዳርቻ ካፌዎችና ዓሣ ቤቶች ጎራ ይላሉ። ወላጅ ቀድሞ የሚጠይቀው ደመወዙን ነው፤ እኔ ግን ሰዓቱ ይቅደም ባይ ነኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል። 15 ሞልቶት 18 ያልደረሰውን ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓት ወይም በበዓል ማሠራት አይፈቀድም። ቤቱ ገና በደንበኛ ቢሞላም ልጁ 4 ሰዓት ሳይሞላ ሽርጡን ፈትቶ ይሄዳል ማለት ነው።

«ይህን ከጠየቅን ማን ይቀጥረናል?» ትሉ ይሆናል። አንዳንዱ አይቀጥርም፤ በተለይ ለበዓል ሰሞን ሰው የሚፈልግ። ነገር ግን ከቀጠረ፣ ውሉ በቃል ቢሆንም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሠራተኛው ዕድሜ የተጻፈበት የተፈረመ ወረቀት መስጠት አለበት፤ ባይሰጥ እንኳ የልጁ መብት አይቀርም። ለራሱ የሚሠራ ሊስትሮ ግን ይህን ሁሉ የሚጠይቀው አሠሪ የለውም።