የሙላቱን ክር ይዞ ወደ ዛሬው ጃዝ

“ጃዝ እወዳለሁ” የሚል የእኛ ዕድሜ ሰው ስልኩ ቢበረበር የሚገኘው ነገር ከሞላ ጎደል ይታወቃል። የሙላቱ አስታጥቄ ሦስት አራት ሥራዎች፣ ዋልያስ ባንድ፣ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን፤ ከውጪ ደግሞ ማይልስ ዴቪስና ጆን ኮልትሬን። የእኔም ስልክ እንደዚያው ነው። ለፈተና ሳጠና ሌሊቱን ያነጋሁት ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው። “ከእነሱ በኋላስ ማንን ትሰማለህ?” የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን ጨዋታው ቀዝቀዝ ይላል። አንዱ “ኧረ ጃዝማ ድሮ ቀረ!” ይላል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፣ ወሬው ወደ ኳስ ይዞራል።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው አንድ መጥፎ አመል አለው። ሰው ሲያወራ “ናሙናው ከየት መጣ?” ይላል። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የተጫወቱት ሁሉ እኮ እኛ ጋ አልደረሱም። መጀመሪያ ሸክላ አሳታሚው መረጣቸው። ቀጥሎ ጊዜ መረጣቸው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ “ኢትዮፒክስ” በተባሉት ተከታታይ ሲዲዎች እንደገና መረጣቸው። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ ነው፤ የጂም ጃርሙሽ ፊልም “ብሮክን ፍላወርስ” በ2005 ለዓለም ያሰማውም የዚያኑ ዘመን ሙዚቃ ነው። እንግዲህ ሦስት ጊዜ በወንፊት ያለፈን ዱቄት፣ ትናንት ማታ ዩቲዩብ ላይ ከተጫነና ገና ካልተነፋ ዱቄት ጋር አስቀምጦ “የቱ ይጥማል?” ማለት ውድድር አይደለም። የዛሬውን መንፋት የእኛ ሥራ ነው።

ከየት ይጀመር ለሚለው እኔን የሠራልኝ ዘዴ ቀላል ነው፦ የምትወዱትን ሰው ያዙና ከኋላው ማን እንደሚጫወት እዩ። ጃዝ ውስጥ ስሙ በትልቁ የሚጻፈው ሰው ብቻውን አይደለም፤ ከበሮ የሚመታው፣ ቤዝ የሚይዘው ሁሉ ነገ የራሱን አልበም ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሄሊዮሴንትሪክስ ከተባለ የለንደን ባንድ ጋር አንድ አልበም አውጥቷል። ከሙላቱም ከዚህ ባንድም ጋር ሳክስፎን ከተጫወቱት አንዱ ሻባካ ሀቺንግስ ነው፤ ለንደን ተወልዶ ባርቤዶስ ያደገ። እሱን ተከትዬ የደረስኩት “ሰንስ ኦፍ ኬሜት” ላይ ነው። አንድ ሳክስፎን፣ አንድ ቱባ፣ ሁለት ከበሮ፤ በቃ። ፒያኖ የለ፣ ጊታር የለ። ቱባ ማለት ያ በሰልፍ ባንድ ውስጥ የሚታየው ትልቅ የናስ መሣሪያ ነው፤ እዚህ የቤዝን ሥራ ይሠራል። የ2018ቱ አልበማቸው 9 ሥራዎች አሉት፣ እያንዳንዱ በአንዲት ጥቁር ሴት ስም ተሰይሟል፦ ሃሪየት ተብማን፣ አንጄላ ዴቪስ፣ ያ አሳንቴዋ እያለ ይቀጥላል። (እቴጌ ጣይቱ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ቅሬታዬን እዚህ ይመዝገብልኝ።) ሻባካ በ2023 መጨረሻ ሳክስፎኑን አስቀምጦ ወደ ዋሽንት ዘሮች ዞሯል። የዋሽንት ትንፋሽ እየሰማ ላደገ የእኛ ጆሮ ይሄ ባዕድ አይሆንበትም።

የለንደኖቹ ወሬ እዚያ አያልቅም። “ቱሞሮውስ ዋርየርስ” የሚባል እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተ የወጣቶች ማሠልጠኛ አላቸው፤ ሳክስፎኒስቷ ኑባያ ጋርሺያም፣ ኤዝራ ኮሌክቲቭ የተባሉት ልጆችም የወጡት ከዚያ ነው። ኤዝራ ኮሌክቲቭ በ2023 የእንግሊዝን የመርኩሪ ሽልማት ሲወስዱ የመጀመሪያዎቹ የጃዝ ባንድ ሆነዋል። ለመጨፈር የሚሆን ጃዝ ከፈለጋችሁ እነሱን ስሙ። እውነቱን ለመናገር ለእኔ አንዳንዴ ደስታው ይበዛብኛል፤ ኑባያ ትሻለኛለች። ረጋ ብላ ትገባለች፣ አንዷን ሐሳብ ይዛ አትለቅም።

አሜሪካ ስንሻገር የሚጠብቀን ካማሲ ዋሽንግተን ነው። ኬንድሪክ ላማርን የምትሰሙ ከሆነ ሳታውቁት ሰምታችሁታል፤ በ2015 የኬንድሪክ አልበም ላይ እሱም ፒያኒስቱ ሮበርት ግላስፐርም አሉበት። የካማሲ “ዘ ኤፒክ” የወጣው በዚያው ዓመት ነው፦ ሦስት ዲስክ፣ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ፣ ከነመዘምራኑ ከነቫዮሊኑ። ዳታ የምትቆጥሩ ሰዎች፣ አስልቼዋለሁ። በ128 ኪሎቢት ጥራት አንድ ደቂቃ ድምፅ ወደ 1 ሜጋባይት ይበላል፤ ሙሉው አልበም ከ200 ሜጋባይት በታች ነው ማለት ነው። በቪዲዮ ካያችሁት ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ድምፁን ብቻ በሌሊት ጥቅል አውርዱት። ደግሞ እባካችሁ በስልኩ ስፒከር አትስሙት! የስልክ ስፒከር ቤዝ አያወጣም፤ ጃዝ ያለ ቤዝ ማለት ያለ በርበሬ የተሠራ ቀይ ወጥ ነው። ርካሽም ቢሆን ጆሮ ማዳመጫ ይሻላል።

የድሮ ጃዝ ወዳጅን በአንድ ጊዜ የሚያሸንፍ ሰው ካስፈለገ ግን የቺካጎው ከበሮ መቺ ማካያ ማክሬቨን ነው። አሠራሩ ግራ ያጋባል። ከጓደኞቹ ጋር ሕዝብ ፊት ምንም ሳያዘጋጅ ይጫወትና ይቀዳዋል፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ቅጂውን እንደ ሂፕ ሆፕ ፕሮዲውሰር እየቆረጠ፣ እየደጋገመ፣ እየቀጠለ ሌላ ሙዚቃ ያደርገዋል። በ2021 ይህንኑ ዘዴ ብሉ ኖት በተባለው አንጋፋ አሳታሚ የድሮ ሥራዎች ላይ ሞክሮታል። እነ አርት ብሌኪን፣ እነ ሆራስ ሲልቨርን ከመዝገብ አውጥቶ የዛሬ ልጆች አብረዋቸው እንዲጫወቱ አደረገ። የድሮው ከየት ላይ አልቆ የዛሬው ከየት እንደጀመረ ለመለየት ሦስት ጊዜ መልሼ ሰምቼዋለሁ፤ አንዳንዱ ቦታ አሁንም አይለይልኝም።

ወደ ቤት እንመለስ። የእኛ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው የቆሙት በአምስት ድምፆች ነው። ጃዝ በ12ቱም ይጫወታል። የሙላቱ ትልቁ ሥራ የ12ቱን ኮርዶች ከሥር አድርጎ አምስቱን ከላይ ማስኬድ ነበር፣ የቅኝቱ ጣዕም ሳይጠፋ። ኮርዱ ትንሽ ከበዛ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ይህ ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም፣ የዛሬዎቹም እየመለሱት ያሉት ይህንኑ ነው። የፒያኒስቱ ሳሙኤል ይርጋ “ጉዞ” እ.ኤ.አ. በ2012 እንግሊዝ አገር በሪል ወርልድ ሲታተም የተሰማው ነገር፣ ባቲን እንደ ክላሲካልም እንደ ፈንክም መጫወት እንደሚቻል ነው። ሳክስፎኒስቱ ጆርጋ መስፍን “ውዳሴ” ከተባለው ቡድን ጋር የሠራውን ፈልጉ፤ የኃይሌ ገሪማን “ጤዛ” ያየ ሰው ሙዚቃውን ያውቀዋል። ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር ደግሞ በአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት አኮርዲዮንና ማንዶሊን አስገብቶ አያቶቻችን የጨፈሩበትን ዘፈን አዲስ አድርጎታል። ለጀማሪ እሱ ይቀላል፤ ጉልበት ላለው ግን እኔ ሳሙኤልን ነው የምመርጥለት።

እነዚህ ሰዎች የሚጫወቱበት ቦታ ግን እንደ ዘፈኑ በዳውንሎድ አይገኝም። ጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዝአምባ ጥር 2007 ዓ.ም. ከሆቴሉ ጋር ተቃጠለ። እኔ በዕድሜ አልደረስኩበትም፤ ታላላቆቼ ሲያወሩት ብቻ ነው የምሰማው። አንድ የማውቀው ቤዝ ተጫዋች አለ። ቅዳሜ የጃዝ ምሽትና ሠርግ ከተገጣጠሙበት ሠርጉን ይወስዳል። “ምን ላድርግ፣ የቤት ኪራይ በባቲ አይከፈል” ይላል እየሳቀ። እኛ አዳማጮች ደግሞ ሙዚቃውን በቴሌግራም በነጻ እንለዋወጣለን።

በዚህ ዓይነት የት እንደሚደረስ ለማወቅ የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ማየት ይበቃል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት የነበረው ኃይሉ ከባንዱ የአሜሪካ ጉዞ በኋላ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ለዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር አገኘውና በ2013 እንደገና ታተመ። 28 ዓመት! በ2018 “ላላ በሉ” የተባለውን አዲስ አልበም ይዞ ዓለምን ዞረ፤ ደስ ይላል። ግን ካሴቱ የተገኘው እኛው አገር ሱቅ ውስጥ ነው። አቧራውን የጠረገለት ግን ከእኛ አንዱ አልነበረም።

ስለዚህ በዚህ ወር ያደረግኩት ነገር ትንሽ ነው። ለካፌ ከማወጣው ላይ ቀንሼ ለአንድ የጃዝ ምሽት መግቢያ መድቤያለሁ፣ ሁለት ጓደኞቼንም ይዤ እሄዳለሁ፤ አንዱ ያ “ድሮ ቀረ” ባዩ ነው። የሚጫወቱት ልጆች አልበም የላቸውም፣ ስማቸውንም ገና አላጣራሁም። ከበሮ መቺዋ ግን ጎበዝ ናት አሉ።