ከሞተር የጎደለው ውኃ ወዴት ሄደ?

(በሬዲዮ ከተነገረው)



የሥራ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በተለይም ቅዳሜ ከቀትር በኋላና እሑድ፣ አንድ አሮጌ አውቶሞቢል በማደስና በመንከባከብ የሚደሰት ሰው በከተማችን ጥቂት አይደለም። አንዱ ፊያት 600 ያሳምራል፤ ሌላው ከአባቱ የወረሰውን ፔዦ 404 ይወለውላል። የጥንቱ ቮልስ ያለውን ሰው የዛሬው ንግግር አይመለከተውም፤ የእርሱ ሞተር የሚቀዘቅዘው በነፋስ ስለ ሆነ የሚፈስ ውኃ የለውምና። የቀረነው ግን ጧት ራዲያተሩን ከፍተን ውኃው ጎድሎ ባገኘነው ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባን ማወቅ ያስፈልገናል።

አብዛኛውን ጊዜ የምናደርገው ጎደሎውን መሙላት ነው። ነገር ግን መሙላት መጠገን አይደለም። የሞተር ውኃ የሚዘዋወረው በተዘጋ መንገድ ነው፤ ስለዚህ ጎደለ ማለት በአንድ ስፍራ ወጣ ማለት ነው። የወጣበትን ስፍራ ሳያገኙ ውኃ መጨመር ሕመምተኛን ሳይመረምሩ ላቡን ብቻ እንደ መጥረግ ይቆጠራል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። እኔም የፊያት 600 ባለቤት በሆንሁበት ጊዜ፣ በየጧቱ መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ፣ ኋላም አንድ ጠርሙስ ውኃ እየጨመርሁ አንድ ወር ሙሉ ተጓዝሁ። በመጨረሻ ከጎሐ ጽዮን ወርጄ፣ ዓባይን ተሻግሬ፣ የደጀንን ዳገት ስወጣ ሞተሩ ፈላ። በችኮላ ክዳኑን ብከፍት እንፋሎቱ ክንዴን አቃጠለኝ፤ ቴስታታውም በሙቀት ተጣመመ። ኋላ ሲመረመር የነገሩ ሁሉ መነሻ አንድ የላላ የቱቦ ማጥበቂያ ሆኖ ተገኘ። በካቻቢቴ ሁለት ጊዜ ቢዞር ይጠብቅ የነበረው ነገር የሁለት ወር ደመወዜን በላ።

አስቀድመን የውኃውን ጠባይ እንወቅ። ነዳጅ ሲቃጠል ከሚወጣው ሙቀት ሲሶ የሚያህለውን ውኃው ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይወስደዋል፤ በዚያም ነፋስ ያበርደዋል። በባሕር ጠረፍ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነች በዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ጉድለት የሚያሟላው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ውስጡን አፍኖ ግፊት ሲፈጥር ውኃው ሳይፈላ የበለጠ ሙቀት ይችላል፤ ግማሽ ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን የመፍያውን ነጥብ በከተማችን እንኳ ከ105 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ቀዳዳ ሲኖር ግን ከውኃው ጋር ግፊቱም ይወጣል። ስለዚህ ትንሽ ቀዳዳ በደጋ አገር ትልቅ ጉዳት ያመጣል።

እንግዲህ ወደ ፍለጋው እንግባ። ማታ ሞተሩ ከበረደ በኋላ በጨርቅ ጠርጎ ከሥሩ ካርቶን አንጥፎ ማደር ነው። ጧት በካርቶኑ ላይ የሚታየው እድፍ ይናገራል። ጥቁርና የሚያዳልጥ ከሆነ ዘይት ነው፤ አረንጓዴ ወይም ዝገት የመሰለ ከሆነ የራዲያተር ውኃ ነው። ይሁን እንጂ ውኃ ብረት ተከትሎ ርቆ ሊንጠባጠብ ይችላልና፣ ዐይናችንን ከነጠብጣቡ ወደ ላይ እናንሣ። ውኃው የደረቀበት ስፍራ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም የዝገት ቅርፊት ይተዋል።

አንደኛ፣ የጎማ ቱቦዎችን በእጅ ጨምቆ መመልከት ነው። የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ወይም እንደ ሊጥ የለሰለሰ ቱቦ ይለወጣል፤ የላላ ማጥበቂያም ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ በውኃው ፓምፕ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ከእርስዋ ውኃ ከተንጠባጠበ የውስጡ ማኅተም አልቋልና ፓምፑ ይታደሳል ወይም ይለወጣል። ይህችን ቀዳዳ መድፈን ግን ስሕተት ነው፤ የተሠራችው ጉዳቱን እንድትነግረን ነውና። ሦስተኛ፣ ራዲያተሩ ራሱ ነው። የአሮጌ መኪና ራዲያተር ከመዳብና ከነሐስ የተሠራ ስለ ሆነ ባለሙያ አውርዶ በስታኞ ሊበይደው ይችላል። አራተኛ፣ በሞተሩ አካል ጎን የተገጠሙት ክብ የብረት መድፈኛዎች ከውስጥ ዝገው ይበሳሉ፤ እነዚህም በአዲስ ይተካሉ። አምስተኛ፣ የክዳኑ ጎማ ደርቆ ወይም ተሰንጥቆ እንደ ሆነ ክዳኑን መለወጥ ነው።

በዚህ ሁሉ ካልተገኘ፣ በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚገጠም የግፊት መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ በደኅና ጋራዥ ይገኛል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በክዳኑ ላይ እስከ ተጻፈው ግፊት ድረስ ብቻ ይነፋና ሩብ ሰዓት ይጠበቃል። የመለኪያው ዘንግ ከወረደ ቀዳዳ አለ፤ ውኃውም በግፊቱ ተገዶ መውጫውን ያሳያል።

በውጭ ምንም ሳይታይ ውኃው የሚጎድል ከሆነ ግን ወደ ውስጥ መግባቱን እንጠርጥር። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከማርሚታው ነጭ እንፋሎት የማይቋረጥ ከሆነ፣ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ፣ ወይም ቀዝቃዛውን ሞተር ክዳኑን ከፍተን ስናስነሣ በውኃው ውስጥ አረፋ ያለ ማቋረጥ ከወጣ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበላሽቶ ይሆናል። ዘይቱ የነጣ እንደ ሆነ ሞተሩን ማስነሣት ክልክል ነው። ጓርኒሲዮኑ በሚለወጥበት ጊዜም ቴስታታው አለመጣመሙ በቀጥታ ማስመሪያ ይፈተናል፤ ብሎኖቹም ከመካከል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ በተመደበው ኀይል ይጠብቃሉ።

አንዳንድ ሰው የእንቁላል ነጭ ወይም በገበያ የሚሸጥ መድፈኛ ዱቄት ይጨምራል። ይህ በመንገድ ላይ ለቸገረው ሰው እስከ ከተማ ያደርሰው እንደ ሆነ እንጂ ጥገና አይደለም፤ ቀዳዳውን የደፈነው ነገር ጠባቦቹን የራዲያተር መንገዶችም ይደፍናልና።

ከጥገናው በኋላ የተጣራ ውኃና አንቲፍሪዝ እኩል በእኩል ቀላቅሎ መሙላት ይገባል። አንቲፍሪዝ ለብርድ አገር ብቻ የተሠራ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ዝገትን ይከለክላል፣ የመፍያውንም ነጥብ ከፍ ያደርጋል። ሞተሩን አሙቆ አየሩን ማስወጣት፣ ከበረደም በኋላ ደረጃውን ምልክት አድርጎ አንድ ሳምንት መከታተል ነው።

ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። የጋለ ሞተር ክዳን አይከፈት፤ የላይኛው ቱቦ በእጅ ለመያዝ እስኪበርድ ድረስ ይጠበቅ፤ ቀዝቃዛ ውኃም በጋለ ሞተር ላይ አይፍሰስ፣ ብረቱን ይሰነጥቀዋልና። ሁለተኛው፣ ኤቲሊን ግላይኮል ያለበት አንቲፍሪዝ ጣዕሙ ጣፋጭ ሲሆን ብርቱ መርዝ ነው፤ ሕፃናትም ውሾችም ሊቀምሱት ይችላሉ። ስለዚህ በግቢ የፈሰሰውን ወዲያው እናጽዳ፤ የቀረውንም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አናስቀምጥ።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይባላል። በመፍሰስ ላይ ያለውን ግን፣ በጊዜው ከፈለግነው፣ ማቆም ይቻላል።