ዝም ያለችው መንኮራኩር

ዝምታ የገባበት ቤት ታውቃላችሁ? ራት ይቀርባል፣ ይበላል፣ መብራት ይጠፋል፤ ቃል ግን የለም። «ስንት ጊዜ ልናገር? በቃኝ» ያላችሁም ትኖራላችሁ። እስቲ ዛሬ ከወትሮው ወጣ ብለን ስለ አንዲት የጠፈር መንኮራኩር እንጨዋወት።

ስሟ ሃያቡሳ ነው፤ በጃፓንኛ ጭልፊት ማለት ነው። ጃፓናውያን በሜይ 2003 ሰው ሳይሳፈርባት ወደ ጠፈር ላኳት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መድረሻዋ ኢቶካዋ የሚባል አስትሮይድ ነበር። አስትሮይዶች ፕላኔቶች ሲሠሩ የተረፉ፣ ፀሐይን የሚዞሩ ዐለቶች ናቸው። ኢቶካዋ ርዝመቱ ከ500 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ መንገዱም ወደ ምድር ይቀርባል። የሃያቡሳ ሥራ እርሱን አጥንታ፣ ከላዩ አፈር ቆንጥራ መመለስ ነበር። ከአስትሮይድ አፈር ያመጣ ከዚያ በፊት አልነበረም።

በሴፕቴምበር 2005 ደረሰች። ብዙም ሳይቆይ አቋሟን ከሚጠብቁላት ሦስት መሣሪያዎች የሚሠራው አንዱ ብቻ ቀረ። እንደዚያም ሆና በኖቬምበር ሁለት ጊዜ አረፈች። አፈሩን ለማስነሣት ትንሽ ጥይት መተኮስ ነበረባት፤ መረጃው ሲመረመር ግን የተተኮሰ አይመስልም ነበር። ከዚያ ነዳጇ ፈሰሰ፤ አቅጣጫዋን ሳተች፤ በዲሴምበር ድምፅዋ ጭራሽ ጠፋ።

አሁን መቆጣጠሪያ ክፍሉን አስቡት። የምትሰማ መንኮራኩር ስለሌለች ወደዚያ የሚመጣው ሰው ቁጥር ቀነሰ። የሥራው ኃላፊ ጁንኢቺሮ ካዋጉቺ ታዲያ ምን አደረጉ? የሻይ ውሃውን በየጊዜው ራሳቸው ይቀይሩ ነበር። የገባ ሰው ውሃው ቀዝቅዞ ቢያገኘው «አብቅቷል ማለት ነው» ብሎ ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው። ባልደረቦቻቸውም ዝም ብለው አልጠበቁም። መንኮራኩሯ እየተሽከረከረች አንቴናዋ ወደ ምድር የሚዞርበት ጊዜ እንደሚመጣ አስልተው፣ ሳያቋርጡ ይጠሯት ነበር።

ሰባት ሳምንት ያህል አለፈ። በጃንዋሪ 23 ቀን 2006 ደካማ ምልክት ተሰማ። ብዙ መናገር አትችልም ነበር። ስለዚህ «አዎን» ወይም «አይደለም» ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ይጠይቋታል፤ እርስዋም የሬድዮ ምልክቷን በማብራትና በማጥፋት ትመልሳለች። አንዱ መልእክት ለመድረስ ብቻ ከ15 ደቂቃ በላይ ይፈጅ ነበር። ችግሯን ያወቁት እንዲህ አንድ በአንድ ጠይቀው ነው።

በ2007 ትመለሳለች የተባለችው በሦስት ዓመት ዘገየች። በኖቬምበር 2009 ደግሞ ሞተሮቿ ከዱ። መሐንዲሶቹ ለብቻቸው የማይሠሩ ሁለት ሞተሮችን ወስደው፣ የአንዱን ደህና ክፍል ከሌላው ደህና ክፍል ጋር አጣምረው እንደ አንድ ሞተር አሠሯቸው። ይህ የተቻለው ሁለቱን የሚያገናኝ ትንሽ ዕቃ ገና ሲሠሯት ስላስገቡባት ነው።

በጁን 13 ቀን 2010 ምድር አጠገብ ደረሰች። የአፈሩን መያዣ ለቀቀች፤ ምድርን ለመጨረሻ ጊዜ ፎቶ አነሣች፤ ከዚያ በአውስትራሊያ ሰማይ ላይ ተቃጥላ አለቀች። መያዣው በወመራ በረሃ ተገኘ። ሲከፈት ከ1,500 በላይ፣ በዓይን የማይታዩ የኢቶካዋ ብናኞች ነበሩበት። ጥይቱ ባይተኮስም፣ ስታርፍ የተነሣው አቧራ ገብቶ ነበር! ከዚህም ወደ ምድር በብዛት የሚወድቁት የሰማይ ድንጋዮች ከኢቶካዋ ዓይነት አስትሮይዶች እንደሚመጡ ታወቀ። ተከታይዋ ሃያቡሳ 2 በ2020 ከሪዩጉ 5.4 ግራም፣ የአሜሪካዋ ኦሳይረስ ሬክስ በ2023 ከቤኑ 121.6 ግራም አመጡ።

ወገኖቼ፣ ዱላና ፍርሃት ያመጣው ዝምታ ሌላ ነው፤ እርሱ ብቻን ተቀምጦ የሚጠበቅ አይደለም፤ ለሚረዳ ሰው ይነገር። ድካምና ቅያሜ ላመጣው ዝምታ ግን ከዚያ ክፍል የምንማረው አለ። ረጅም ንግግር የማይችልን ሰው «ለምን?» ብለን አናስጨንቀው። «ደክሞሃል?» «ልተውሽ?» ብለን፣ «አዎን» ወይም «አይ» የሚበቃውን እንጠይቅ። መልሱ ቢዘገይ መንገዱ ሩቅ ሆኖ ይሆናል።

እስከዚያው የሻይ ውሃው አይቀዝቅዝ።