የብቸናና የሞጣ ሙግት፤ ጠበቃ ለመሆን ለሚያስቡ

በተማሪዎች መካከል «የጎጃም ሰው ሙግት ይወዳል» እየተባለ ሲቀለድ ይሰማል። ቀልዱን ትተን ምክንያቱን ብንመረምር፣ ጥብቅናን ሥራቸው ሊያደርጉ ለሚያስቡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሚጠቅም ቁም ነገር እናገኝበታለን።

የመጀመሪያው ምክንያት ርስት ነው። በብቸናና በሞጣ አውራጃዎች ርስት የሚገኘው በአባትም ሆነ በእናት ወገን ትውልድን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ በማስረዳት ነበር። ስለዚህ ገበሬው ከማረሻው ጋር ነገር ማወቅም ያስፈልገው ነበር፤ ዘሩን ቆጥሮ መርታት ያልቻለ ሰው እርሻውን ሊያጣ ይችላልና።

የሙግቱም ሥርዓት በልሃ ልበልሃ ይባል ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛው ፊት ቆመው፣ «ተጠየቅ» እየተባባሉ፣ በማር ወይም በበቅሎ እየተወራረዱ ይከራከራሉ። መናገር የማይሆንለት ሰው አንደበተ ርቱዕ ጠበቃ ወይም ነገረ ፈጅ ያቆማል። ለዚህ ነገረ ፈጅ ትምህርት ቤቱ ችሎቱ ራሱ ነበር፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የታወቁትን ተከራካሪዎች እያዳመጠ ሙያውን ይለምዳል።

በኋላ ሕጉ በጽሑፍ ሆነ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952፣ የሁለቱ ሥነ ሥርዓት ሕጎችም በ1954 እና በ1958 ዓ.ም. ወጡ። በአዲስ አበባ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ወዲህ አንደበት ብቻውን አልበቃም። እውነት ያለው ሰው እንኳ ማስረጃውን በጊዜው ካላቀረበ ወይም ክሱ በይርጋ ከታገደ ይረታል።

ይሁን እንጂ የጥንቱ ተጠየቅ ፈጽሞ አልጠፋም። የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ137ኛው አንቀጽ፣ መስቀለኛ ጥያቄ በምስክሩ ቃል ውስጥ ያለውን ስሕተት፣ አጠራጣሪ ነገር ወይም ሐሰት ለማሳየት እንደሚቀርብ ደንግጓል። አንድ ምስክር «የድንበር ድንጋይ ሲነቅል አይቻለሁ» ቢል፣ ጥሩ ጠበቃ አይጮኽበትም። «የት ቆመው ነበር? በመካከላችሁ ምን ነበረ? ፀሐይ ጠልቃ ነበርን?» እያለ በዝግታ ይጠይቃል። የችሎት ፍቅር ማለት በእኛ አስተያየት ይህ ነው፤ እውነቱ በጥያቄ ብዛት ሲገለጥ ማየት።

ዛሬ ወደዚህ ሥራ የሚያደርሰው መንገድ የሕግ ዲግሪ፣ የመውጫ ፈተናና የጥብቅና ፈቃድ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለሚቆም ጠበቃ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 አለ፤ በክልል ፍርድ ቤቶች ለሚቆመው ፈቃዱን ክልሉ ይሰጣል። ብዙዎች አስቀድመው በወረዳ ዳኝነት ወይም በዐቃቤ ሕግነት ያገለግላሉ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ፣ ተማሪው ፈቃድ እስኪያገኝ ሳይጠብቅ እንደ ጥንቱ ነገረ ፈጅ ተቀምጦ ሊያዳምጥ ይችላል።

ታዲያ የተማረው ጠበቃ የት ይሥራ? መሬት በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ቢሆንም የይዞታ፣ የውርስና የድንበር ክርክር አልቀረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል የወንጀል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። የእርሻውን ድንበር ለሚከራከር ድኻ ግን ይህ ተስፋ አልተሰጠውም፤ ራፖር ጸሐፊ በጻፈለት ማመልከቻ ብቻ ባሕር ዳር ድረስ በይግባኝ የሚንከራተት አለ።

ነገሩን አቃልለን እንዳናይ የ1960 ዓ.ም.ን እናስታውስ። በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሞጣና ብቸና ሲያምፁ፣ ገበሬው እጅግ የፈራው መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነካ ነበር። አቤቱታው የሚሰማበት ሸንጎ ያጣ ሰው ወደ ጠመንጃው ይመለከታል።

አባቶቻችን «በፍትሕ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍትሕ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። ሕግ የምታጠኑ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ስለዚያች ጭብጦ የሚከራከር ጠበቃ በብቸናና በሞጣም ያስፈልጋልና ስትመረቁ አስቡበት።