የሪሰስ ጦጣዎችን ባሕርይና ጤና በመንጋቸው ውስጥ መከታተል፦ የካዮ ሳንቲያጎ ደሴት ተሞክሮ

መግቢያ

አንድ ሐኪም በምርመራ ክፍሉ ተቀምጦ የሚያየው ወደ እርሱ የመጣውን ሕመምተኛ ነው። ያልመጣውን፣ መምጣት ያልቻለውንና በመንገድ የቀረውን አያየውም። በመሆኑም በጤና ተቋም መዝገብ ላይ ብቻ ተመሥርቶ አንድ ሕዝብ በምን እንደሚታመምና በምን እንደሚሞት የሚሰጥ ፍርድ ዘወትር ጎደሎ ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚቻለው አንድን የተወሰነ ማኅበረሰብ በሚኖርበት ሥፍራ፣ ጤነኛውን ከታማሚው ሳይለዩ፣ ለረጅም ዘመን በመቁጠርና በመመልከት ነው።

ይህ ዘዴ በሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በእንስሳትም ላይ ሲሠራበት ቆይቷል። ከእነዚህ ጥናቶች መካከል ረጅም ዕድሜ ካስቆጠሩት አንዱ በፖርቶ ሪኮ አጠገብ በምትገኘው ካዮ ሳንቲያጎ በተባለች ትንሽ ደሴት ላይ የሚካሄደው የሪሰስ ጦጣዎች ክትትል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክትትሉ እንዴት እንደሚከናወን፣ ለሕክምና ሙያ ምን ትምህርት እንዳስገኘና ወሰኑ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ማስረዳት ነው።

ስለ እንስሳው በአጭሩ

ሪሰስ ማካክ የተባለው ጦጣ ከአፍጋኒስታን ጀምሮ በፓኪስታንና በሕንድ በኩል እስከ ቻይናና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ድረስ ይገኛል። ከሰው ቀጥሎ ይህን ያህል ሰፊ ምድር የያዘ የፕራይሜት ዝርያ የለም። በጫካ ብቻ ሳይሆን በሕንድ ከተሞች፣ በቤተ መቅደሶች፣ በገበያዎችና በባቡር ጣቢያዎች ከሰው ጋር ተጎራብቶ ይኖራል።

ሐኪሞች ስሙን ከሁሉ በፊት የሚያውቁት ከደም ጋር በተያያዘ ነው። ካርል ላንድሽታይነርና አሌክሳንደር ዊነር እ.ኤ.አ. በ1940 ያሳወቁት የአር.ኤች. የደም መለያ ስሙን ያገኘው ከዚህ ጦጣ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት ደግሞ የፖሊዮ ክትባት የሚያድግበት ሕዋስ ከኩላሊቱ ይወሰድ ስለነበር እጅግ ብዙ ጦጣዎች ከሕንድ ወደ ውጭ ተልከዋል። ሕንድ ይህን ንግድ እ.ኤ.አ. በ1978 አገደች። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የዘረመል ጥናት እንዳሳየው የሪሰስ ጦጣ ዲ.ኤን.ኤ. ከሰው ጋር 93 በመቶ ያህል ይመሳሰላል። እንግዲህ ይህ እንስሳ ለሕክምና ያበረከተው ውለታ በአብዛኛው በላቦራቶሪ ውስጥ የተገኘ ነው። ካዮ ሳንቲያጎ ግን ሌላ ዓይነት ዕውቀት የተገኘባት ሥፍራ ናት።

ደሴቲቱና ቆጠራው

ካዮ ሳንቲያጎ ከፖርቶ ሪኮ ደቡብ ምሥራቃዊ ዳርቻ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ስፋቷ 15 ሄክታር ገደማ የሆነ ደሴት ናት። ክላረንስ ሬይ ካርፔንተር የተባለው የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1938 ከሕንድ በመርከብ ያመጣቸው 409 ጦጣዎች በዚህች ደሴት ላይ ተለቀቁ። ዛሬ በደሴቲቱ የሚኖሩት ከ1,000 በላይ ጦጣዎች ሁሉ የእነዚያ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መገለጽ አለበት። ጦጣዎቹ በአጥር አልተከለሉም፤ መንጋቸውንም ራሳቸው ይመሠርታሉ። ይሁን እንጂ ምግብና የመጠጥ ውኃ ይቀርብላቸዋል፤ የሚበላቸው አውሬም የለም። ስለዚህ ኑሯቸው ከፊል ዱር ከፊል ጥበቃ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ ደሴት የተገኘ ውጤት በሕንድ ጫካ ላለው መንጋ ሳይመረመር እንዳለ አይወሰድም።

ሥራው እውነተኛ መሠረት የያዘው ስቱዋርት አልትማን እ.ኤ.አ. በ1956 ጦጣዎቹን አንድ በአንድ ለይቶ መቁጠር በጀመረ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ጦጣ በቆዳው ላይ በሚነቀስ ምልክትና በጆሮው ላይ በሚደረግ ትንሽ ቅርጽ ይለያል። የተወለደበት ቀን፣ እናቱ፣ ያለበት መንጋና የሞተበት ጊዜ ይመዘገባል። ከሞተም በኋላ አጽሙ ተጠብቆ ለጥናት ይውላል። በመሆኑም አንድ ተመራማሪ በአንድ አጥንት ላይ ያየውን የመገጣጠሚያ መጎዳት ከባለቤቱ የሕይወት ታሪክ ጋር ማነጻጸር ይችላል።

የመመልከት ሥርዓት

እንስሳን መመልከት ቀላል ሥራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሥርዓት የሌለው ተመልካች የሚጽፈው ዓይኑን የሳበውን ብቻ ነው። ጠብ ይመዘገባል፤ ዝምታ ይዘነጋል። ትልቁ ወንድ ይታያል፤ ጥግ የያዘች ደካማ ሴት ትረሳለች። ጂን አልትማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣችው ጽሑፍ ይህን ስህተት በዝርዝር አሳይታ የተለያዩትን የናሙና አወሳሰድ ዘዴዎች አነጻጽራለች።

በዚህ መሠረት ተመልካቹ አስቀድሞ የተመረጠን አንድ ጦጣ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ብቻ ይከተላል። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ጦጣው ቢተኛም ቢጣላም፣ የሆነው ሁሉ እኩል ይጻፋል። በሌላው ዘዴ ደግሞ በተወሰነ የጊዜ ልዩነት መላው መንጋ በአንድ ዓይን ይቃኛል፤ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠም ይመዘገባል። ሁለት ተመልካቾች አንድን ድርጊት በአንድ ዓይነት መንገድ መመዝገባቸውም ይፈተሻል።

የጤና ምልክቶችም እንዲሁ ሳይነኩ ይታያሉ። አካሄድ፣ የሰውነት መክሳት፣ የፀጉር መርገፍ፣ ቁስልና ጠባሳ ይመዘገባሉ። ከዓይነ ምድር የጥገኛ ትላትልና የሆርሞን ምርመራ ይደረጋል። በየዓመቱ በተወሰነ ወቅት ብቻ ጦጣዎቹ ተይዘው ምልክት ይደረግላቸዋል፤ የደም ናሙናም ይወሰዳል።

የመንጋው አኗኗር

የሪሰስ መንጋ የሚቆመው በእናት ዘር ላይ ነው። ሴቶች በተወለዱበት መንጋ ይኖራሉ፤ ወንዶች ግን ለአካለ መጠን ሲደርሱ ትተው ወደ ሌላ መንጋ ይሄዳሉ። ሴት ልጅ የእናቷን ደረጃ ትወርሳለች። ከእኅትማማቾች መካከል አብዛኛውን ጊዜ ታናሺቱ ከታላቂቱ በላይ ትሆናለች። ከፍተኛ ደረጃ ያላት ጦጣ ምግብ ላይ ቀድማ ትደርሳለች፤ ዝቅተኛዋ ተራ ትጠብቃለች።

ሰላም የሚጠበቅበት ዋነኛው መንገድ አንዱ የሌላውን ፀጉር እየገለጠ መፈተሽና ማጽዳት ነው። ይህ ተግባር ተባይን ከማስወገዱም በላይ ወዳጅነትን ያጸናል። የእርግዝናቸው ጊዜ አምስት ወር ተኩል ያህል ሲሆን፣ መዳራትም መውለድም ወቅት አላቸው። በመዳራት ወቅት ጠብና ቁስል ይበዛል።

የመንጋጋ ቆልፍ ታሪክ

ይህ ቁስል የብዙዎች ሞት መነሻ ነበር። የመንጋጋ ቆልፍ ወይም ቴታነስ በደሴቲቱ ዋነኛ የሞት ምክንያት ሆኖ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። የበሽታው ተህዋስ ዘር በአፈር ውስጥ ይኖራል። በንክሻ ቁስል፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በእትብት በኩል ሊገባ ይችላል። የታመመው ጦጣ መንጋጋው ይቆለፋል፤ ጡንቻው ይገተራል፤ መብላትና መውጣት ተስኖት ይሞታል። ምልክቱ በሰው ላይ ከሚታየው አይለይም።

እያንዳንዱ ጦጣ በስም ባይታወቅና በየጊዜው ባይቆጠር ኖሮ የዚህ ሞት ስፋት ባልታወቀም ነበር። በቁጥቋጦ ውስጥ የወደቀ አንድ ሬሳ ስለ ሞት መጠን የሚነግረው ነገር የለም፤ ከስንት አንድ እንደሞተ ለማወቅ የሕያዋን ቁጥር ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1986 መላው የደሴቲቱ ጦጣዎች የቴታነስ ክትባት ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ገና ለጋ የሆኑት በየዓመቱ እንዲከተቡ ተደረገ። ውጤቱ ፈጣን ነበር፤ በሽታው ከደሴቲቱ ጠፋ፤ አጠቃላዩ የሞት መጠንም በከፍተኛ ደረጃ ቀነሰ። እዚህ ላይ ሐኪም ሊያስተውለው የሚገባ ነጥብ አለ። ቴታነስ ከአንዱ ወደ ሌላው አይተላለፍም፤ ስለሆነም ክትባቱ የሚጠብቀው የተከተበውን ብቻ ነው። የደሴቲቱ አፈር ዛሬም ያው አፈር ነው። አንድ ትውልድ ሳይከተብ ቢያልፍ በሽታው ተመልሶ ይመጣል።

ክትባቱ ሌላ ውጤትም አስከትሏል። ሞት ሲቀንስ የጦጣዎቹ ቁጥር ጨመረ፤ የቁጥር መብዛት ደግሞ በጠባብ ደሴት ላይ የራሱን ችግር አመጣ። አንድን የሞት ምክንያት ማስወገድ የማኅበረሰቡን ሚዛን እንደሚለውጥ የሕዝብ ጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቃል።

ደረጃ፣ ወዳጅነትና ጤና

ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ጦጣ የሚታመመው ደረጃው ዝቅተኛ ስለሆነ ነውን? ወይስ ደካማ ስለሆነ ነው ደረጃው የወረደው? በመመልከት ብቻ ይህን መለየት አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት መልስ ሰጥቷል። በአሜሪካ በሚገኝ የምርምር ማዕከል 45 ሴት የሪሰስ ጦጣዎች አምስት አምስት እየሆኑ በአዲስ መንጋ ተመደቡ። ቀድማ የገባችው ከፍ ያለ ደረጃ፣ ዘግይታ የገባችው ዝቅ ያለ ደረጃ ትይዝ ነበር። ደረጃቸው ሲለወጥ የመከላከያ ሕዋሶቻቸው የዘረመል አሠራርም አብሮ ተለወጠ። በዝቅተኛ ደረጃ ላይ የነበሩት ሕዋሶቻቸው ወደ ብግነት ያደላ ምላሽ አሳዩ። ምግባቸውም ሕክምናቸውም አንድ ዓይነት ስለነበር ልዩነቱ ከኑሮ ደረጃቸው የመነጨ ነው ለማለት ተችሏል።

በካዮ ሳንቲያጎ ደግሞ በአሥር ዓመት መረጃ ላይ የተመሠረተና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት የቆሰለ ጦጣ ካልቆሰለው ይልቅ በቀጣዮቹ ሁለት ወራት የመሞት ዕድሉ ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አመልክቷል። ወዳጅ የበዛላት ሴት የመቁሰል ዕድሏ ያነሰ ነበር። ወዳጅነት ዕድሜን የሚያራዝምበት አንዱ መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል።

ከማዕበሉ በኋላ

እ.ኤ.አ. መስከረም 20 ቀን 2017 ማሪያ የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን መታ። በሰው ላይ ያደረሰው ጉዳት እጅግ ከፍተኛ ነበር። አብዛኞቹ ጦጣዎች ከማዕበሉ ተርፈዋል፤ ነገር ግን የደሴቲቱ ዕፅዋት ከግማሽ በላይ ወደመ። በሞቃት ምድር ጥላ ማጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ፀሐይ የሚያገኘው መሬት ከሰዓት በኋላ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል።

ተመራማሪዎቹ ጦጣዎቹ በቀረችው ጥላ እርስ በርስ ይዋጋሉ ብለው መገመት ይችሉ ነበር። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጦጣዎቹ ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ጎረቤት በአጠገባቸው ታገሡ፤ ጠባቸውም ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ይህ ለውጥ ለዓመታት ዘልቋል፤ ሌላውን በአጠገባቸው የሚታገሡት ጦጣዎችም የመሞት ዕድላቸው ያነሰ ሆኗል። ከማዕበሉ በፊት እንዲህ ያለ ግንኙነት አልነበረም። አካባቢው ሲለወጥ ሕይወትን የሚያተርፈው ባሕርይም ተለወጠ ማለት ነው።

የተረፉት ግን ያለ ዋጋ አልተረፉም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የደም ምርመራ ጥናት ማዕበሉን ያሳለፉት ጦጣዎች የመከላከያ ሥርዓታቸው በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል ያረጀ መስሎ መታየቱን አመልክቷል። የአንድ ጦጣ ዕድሜ ከሰው ዕድሜ ጋር ሲመዛዘን ይህ ከሰባት ዓመት በላይ ነው። በውጭ ቁስል ያልታየበት አካል በውስጡ ጉዳት ሊሸከም እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለተመልካቹ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ማካኮች በተፈጥሮ ሄርፒስ ቢ የተባለ ቫይረስ ይሸከማሉ። ለእነርሱ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ ወደ ሰው ሲተላለፍ ግን አንጎልን የሚያቃጥል ሲሆን፣ ካልታከመ የሚገድለው ብዙውን ታማሚ ነው። በሰው ላይ የመጀመሪያው ሞት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1932 በንክሻ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ አንዲት ሠራተኛ ዓይኗ ውስጥ በተፈናጠቀ ፈሳሽ ብቻ ተይዛ ሞታለች። ስለዚህ ተመልካቾች ርቀት ይጠብቃሉ። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ማጠብና ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት፤ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት በጊዜ ከተጀመረ ሕይወት ሊያድን ይችላል።

በኢትዮጵያ የሚኖሩት ጦጣ፣ ዝንጀሮና ጭላዳ ከማካክ ወገን አይደሉም፤ ስለዚህ ይህ ቫይረስ በተፈጥሮ አይገኝባቸውም። ሆኖም የነከሱት ሰው ቁስሉ በተመሳሳይ ሁኔታ መታጠብ አለበት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንደሚያስፈልገውም ሊታሰብበት ይገባል።

ማጠቃለያ

ከካዮ ሳንቲያጎ የሚገኘው ዋነኛ ትምህርት በአንድ ግኝት የሚወሰን አይደለም። ትምህርቱ ቆጠራን ማዝለቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ጦጣዎችን መቁጠር የጀመረው ሰው የ2017ን ማዕበል አላሰበም። ይሁን እንጂ ከማዕበሉ በፊት የነበረው ሁኔታ ስለታወቀ ከማዕበሉ በኋላ የሆነውን መለካት ተቻለ። ድንገተኛ አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚጀመር ጥናት ይህን ዕድል አያገኝም።

የኢትዮጵያ ሐኪሞች ለዚህ አስተሳሰብ እንግዶች አይደሉም። በቡታጅራ አካባቢ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ ልደትና ሞትን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የመመዝገብ ሥራ ተካሂዷል፤ ብዙ ባለሙያዎችም ተምረውበታል። በጤና ተቋም ደጃፍ ሳያልፍ የሚሞት ሰው ባለበት አገር እንዲህ ያለው መዝገብ ለምርምር ብቻ የሚፈለግ ነገር አይደለም። በምን እንደሞተ ያልታወቀ ሰው፣ ተከታዩ በዚያው ምክንያት እንዳይሞት ሊያስጠነቅቅ አይችልም። የደሴቲቱ ጦጣዎች ከመንጋጋ ቆልፍ የዳኑት በክትባት ነው፤ ክትባቱ እንደሚያስፈልግ የታወቀው ግን የሞቱት በመቆጠራቸው ነው።