ባንጠብቀው ኖሮ ስንት ደን ይጠፋ ነበር?

"ደን ጠብቀን ይህን ያህል ካርቦን አዳንን" ከማለታችን በፊት ባንጠብቅ ኖሮ ምን ያህል ይለቀቅ እንደነበር ማወቅ አለብን። መነሻ መጠን የሚባለው ይህ ነው።

ኢትዮጵያ የራሷን መነሻ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት አቅርባለች። የተጠናው ከ2000 እስከ 2013 ያለው ጊዜ ነው። የተመነጠረው መሬት ስፋት በሳተላይት ምስል ተለካ፤ በአንድ ሄክታር ደን ውስጥ ያለው ካርቦን ከመስክ ቆጠራ ተሰላ፤ ሁለቱ ተባዙ። በዓመት 92 ሺህ ሄክታር ገደማ ደን ሲጠፋ 18 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል ማለት ነው።

ይህ ስሌት በኦሮሚያ ክልል የሚገኘው ዲክሲስ ወረዳ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል? አገሩ የስንዴና የገብስ ነው። ከ2000 በፊት ታርሶ ያለቀ መሬት በመነሻው ውስጥ አይገባም። ደን ለመባል ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የጥላ ሽፋን ያስፈልጋል። ስለዚህ በአጥር ዙሪያ የተተከለ የባሕር ዛፍ ረድፍ ለአጣና ሲቆረጥ እንደ ምንጠራ አይቆጠርም፤ ሲተከልም እንደ ደን አይመዘገብም።

መነሻው ከተጋነነ ምንም ሳይሠራ ክፍያ ይመጣል፤ ካነሰ ደግሞ የጠባቂው ድካም ይቀራል። ኦሮሚያ ውስጥ ጉዳዩ የወረቀት ብቻ አይደለም፤ በ2023 ከዓለም ባንክ ጋር የተፈረመው እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ስምምነት የሚከፍለው በተለካ ውጤት ነው። እንደ ዲክሲስ ያሉ የእርሻ ወረዳዎች ተጠቃሚ የሚሆኑት በዋናነት አዲስ ደን በማልማት ይመስለኛል። ለገበሬው ይህን አስቀድሞ በግልጽ መንገር የእኛ የባለሙያዎች ግዴታ ነው።